የክረምት ንባብ፦ የምትኮሩበትን ሳይሆን የምትጨርሱትን መጽሐፍ ምረጡ

የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ትምህርት ሊዘጋ ሲል ተማሪዎች «ክረምቱን ምን ላንብብ?» እያሉ ይመጣሉ። የመጽሐፍ ስም ከመጥራቴ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ፤ «ባለፈው የጀመርሽውን ስንተኛው ገጽ ላይ ተውሽው?» መልሱ ሁሌም ተቀራራቢ ነው። አሥረኛው ገጽ፣ አሥራ አምስተኛው፣ ሲበዛ ሃያኛው። የመጽሐፉን ስም ስሰማ ደግሞ ነገሩ ይገባኛል። ወፍራም፣ ትልልቅ ሰዎች ያደነቁት፣ ይዘውት ሲሄዱ ደስ የሚል መጽሐፍ ነው። ልጅቷ ሰንፋ አይደለም ያቆመችው። ሰባት መስመር ለማንበብ ስድስት ጊዜ ዲክሽነሪ መክፈት ማንንም ያደክማል።

ስለዚህ ለእነሱ የምነግራቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ። ለክረምት ቀለል ያለ መጽሐፍ ያዙ። «ይሄማ ለእኔ አይመጥንም» የምትሉት ዓይነት ቢሆን እንኳ እመርጣለሁ። የእንግሊዝኛ ንባብ የሚሻሻለው ብዙ ገጽ በማንበብ ነው። ብዙ ገጽ የሚነበበው ደግሞ ሲገባን ነው። በቀን አንድ ገጽ እየታገለ የሚያነብ ልጅና በቀን አሥር ገጽ ታሪኩ እየጎተተው የሚያነብ ልጅ መስከረም ላይ እኩል አይሆኑም። ይህን በየዓመቱ ክፍል ውስጥ አየዋለሁ። ሰፊ ልዩነት አለው።

መጽሐፉ ልካችሁ መሆኑን ማወቅ

መጽሐፉን መሃሉ ላይ ክፈቱት። የመጀመሪያው ገጽ ብዙ ጊዜ ያታልላል። ደራሲው ቦታውን፣ አየሩን፣ የሰዎቹን መልክ የሚገልጽበት ስለሆነ ከሌላው ገጽ ይከብዳል። መሃሉ ላይ ግን ታሪኩ ተነስቷል፣ ሰዎች ይነጋገራሉ። እውነተኛው ክብደቱ የሚታየው እዚያ ነው።

አንድ ሙሉ ገጽ ያለ ዲክሽነሪ አንብቡ። የማታውቁት ቃል ባገኛችሁ ቁጥር አንድ ጣት እጠፉ። የሰውና የቦታ ስም አይቆጠርም። ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ጣት ካለቀ፣ መጽሐፉን ለሚመጣው ዓመት አስቀምጡት።

ይህ የጣት ቆጠራ ዝም ብሎ የመጣ ነገር አይደለም። ማርሴላ ሁ እና ፖል ኔሽን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ አንባቢ ልብ ወለድን ያለ ሌላ እርዳታ በደንብ እንዲረዳ ከቃላቱ 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ እንዳለበት አሳይተዋል። አንድ የልብ ወለድ ገጽ ከ250 እስከ 300 ቃል ይይዛል። የዚህ 2 በመቶ አምስት ወይም ስድስት ቃል ነው። አንድ እጅ ማለት ነው።

ከዚያ ሁለተኛ ፈተና አለ። ገጹን ዝጉና የሆነውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ለራሳችሁ ንገሩ። በአማርኛ ቢሆንም ችግር የለውም። ቃላቱን ሁሉ አውቃችሁ የሆነውን መናገር ካቃታችሁ፣ የከበዳችሁ የዓረፍተ ነገሩ አሠራር ነው። ይህ በተለይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጻሕፍት ላይ ያጋጥማል። የቻርልስ ዲክንስ «ኤ ክሪስማስ ካሮል» በ1843 የወጣ ትንሽ መጽሐፍ ነው። ቀጭን ስለሆነ ተማሪዎች ያነሱታል። ግን አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ዞሮ ዞሮ ሲመለስ መነሻው ይረሳል። ቀጭን መጽሐፍ ሁሉ ቀላል አይደለም።

ተራኪዋ ልጅ ስለሆነችም ቀላል አይሆንም። የሃርፐር ሊ «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» (1960) ስካውት በምትባል ትንሽ ልጅ ዓይን ነው የሚተረከው። ቋንቋው ግን ያደገችው ስካውት ቋንቋ ነው። መጽሐፉም ረጅም ነው፤ 100,000 ቃል ገደማ ይሆናል። ድንቅ መጽሐፍ ነው፤ ለሁለተኛው ወይም ለሦስተኛው ክረምት ይቆይላችሁ።

በደረጃ ስለተዘጋጁት መጻሕፍት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ተማሪ የሚያፍርበት ቦታ ይህ ነው።

ታላላቅ ታሪኮችን በቀለለ ቋንቋ እየጻፉ በደረጃ የሚያወጡ አሳታሚዎች አሉ። በብዛት ከሚታወቁት ተከታታይ መጻሕፍት አንዱ ኦክስፎርድ ቡክዎርምስ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ 400 መሠረታዊ ቃላት ላይ የቆመ ነው፤ ሁለተኛው 700፣ ሦስተኛው 1,000፣ አራተኛው 1,400፣ አምስተኛው 1,800፣ ስድስተኛው 2,500። ደረጃው ሽፋኑ ላይ ተጽፏል። ጭቅጭቅ የለውም።

ተማሪዎች እነዚህን «የሕፃናት መጽሐፍ» ይሏቸዋል። አይደሉም። ለሕፃን የተጻፈ መጽሐፍ የሕፃን ታሪክ ነው የሚነግራችሁ። እነዚህ ግን ግድያ፣ ፍቅር፣ ክህደት፣ ሳይንስ ያለባቸው የአዋቂ ታሪኮች ናቸው። የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» ዋናው መጽሐፍ በ1818 የታተመ ነው፤ ቋንቋውም የዚያን ጊዜ ነው። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ባለው ዝግጅት ግን አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በጥቂት ቀን ጨርሶ ፍራንከንስታይን ስለፈጠረው ፍጡር ብቸኝነት ሊከራከራችሁ ይችላል። ተከራክረውኝ ያውቃሉ። ዋናውን ይዞ አምስተኛው ገጽ ላይ የቀረ ተማሪ ግን ስለ ምንም ሊከራከር አይችልም።

ደረጃችሁን ስትመርጡ ከገመታችሁት አንድ ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ። ሁለት ሦስት መጽሐፍ ከዚያ ደረጃ አንብቡ። ፍጥነታችሁ ሲጨምርና ገጽ ስትገልጡ ሳታስቡት ሲሆን ወደ ቀጣዩ እለፉ። አንድ መጽሐፍ አንብቦ መዝለል ግን ይቅር። የአንድ ደረጃ ቃላት በሁለተኛውና በሦስተኛው መጽሐፍ ተደጋግመው ሲመጡ ነው የሚጣበቁት።

የት ይገኛሉ

የትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት ከመዘጋቱ በፊት ለክረምት የሚያውስ ከሆነ ጠይቁ። ከጓደኛ ጋር መቀያየርም ጥሩ ነው፤ ሁለታችሁም አንድ መጽሐፍ ስለምታነቡ የምታወሩት አይጠፋም።

ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ፕሮጀክት ጉተንበርግ አለ። ማይክል ሃርት የሚባል ሰው በ1971 የጀመረው ነው። አሁን ከ70,000 በላይ መጻሕፍት በነፃና በሕጋዊ መንገድ ይገኙበታል። ስልክ ላይ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል። ሊብሪቮክስ የሚባለው ደግሞ ከ2005 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች መጻሕፍትን በድምፅ እያነበቡ የሚያስቀምጡበት ነው። እሱም ነፃ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። እዚያ ያሉት አብዛኞቹ የባለቤትነት መብታቸው ጊዜ ያለፈባቸው መጻሕፍት ናቸው። ያረጁ ናቸው ማለት ነው፤ እንግሊዝኛቸውም ያረጀ ነው። ነፃ ስለሆነ ብቻ ያገኛችሁትን አታውርዱ። የጣቱን ፈተና እዚያም ሥሩት። ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ከዚያ የምመክረው የሸርሎክ ሆምስን አጫጭር ታሪኮች ነው። በ1892 የወጣው የመጀመሪያው ስብስብ 12 ታሪኮች አሉት። እያንዳንዱ በአንድ ወይም በሁለት ቁጭታ ያልቃል። ቋንቋው ትንሽ ያረጀ ቢሆንም «ማን ነው ያደረገው?» የሚለው ጥያቄ ይዟችሁ ይሄዳል።

ዋናውን ለማንበብ ለደረሳችሁ፣ ሦስት መጽሐፍ

ከላይ ያሉትን ለተሻገሩ ተማሪዎች ደጋግሜ የምሰጣቸው ሦስት አሉ።

የመጀመሪያው የኧርነስት ሄሚንግዌይ «ዘ ኦልድ ማን ኤንድ ዘ ሲ» ነው። በ1952 ወጣ፤ ደራሲው ከሁለት ዓመት በኋላ የኖቤል ሽልማት አገኘ። ሳንቲያጎ የሚባል ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ 84 ቀን ምንም ሳይዝ ይቆያል። ከዚያ ብቻውን ርቆ ይወጣል። መያዝ ያለባችሁ ስም የእሱና የወዳጁ የታዳጊው የማኖሊን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው። የሚያስቸግራችሁ የጀልባና የዓሣ ማስገሪያ ቃላት ናቸው፤ «ስኪፍ»፣ «ጋፍ»፣ «ማስት»፣ «ሃርፑን»። እነዚህ እስከ መጨረሻው ይመላለሳሉ፤ ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ሥዕላቸውን ፈልጋችሁ እዩ። ሌላው ነገር፣ መጽሐፉ ምዕራፍ የለውም። የት እንደሚቆም የማያውቅ አንባቢ ይሰለቻል። በየአሥር ገጹ በእርሳስ ምልክት አድርጉና የራሳችሁን ምዕራፍ ሥሩ።

ሁለተኛው የጆርጅ ኦርዌል «አኒማል ፋርም» ነው፤ 1945። አሥር ምዕራፍ ብቻ ነው። የእርሻ እንስሳት በባለቤታቸው ላይ ያምፃሉ፣ የራሳቸውን አስተዳደር ያቆማሉ፣ ከዚያ ነገሩ ቀስ እያለ ይበላሻል። ደራሲው የጻፈው የ1917ቱን የሩሲያ አብዮትና ከዚያ በኋላ የመጣውን የስታሊን አገዛዝ እያሰበ ነው። ግን መጀመሪያ እንደ ተራ ታሪክ አንብቡት። ታሪኩን ጨርሳችሁ ወደ ታሪካዊው ጉዳይ ስትሄዱ ማን ማን እንደሆነ ራሳችሁ ትለያላችሁ። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ እንስሳቱ ሰባት ሕጎች ግድግዳ ላይ ይጽፋሉ። እነዚያን ሕጎች ደብተራችሁ ላይ ገልብጡ። ከዚያ በኋላ ከሕጎቹ አንዱ በተቀየረ ቁጥር ገጹን ጻፉ። መጽሐፉን ስትጨርሱ ለድርሰት የሚሆን ማስረጃ አንድ ገጽ ላይ ተሰብስቦ ታገኙታላችሁ።

ሦስተኛው የናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ «ቲንግስ ፎል አፓርት» ነው፤ 1958። ሃያ አምስት ምዕራፍ አለው፤ አጫጭር ናቸው። ኦኮንኮ የሚባል ብርቱ ሰው፣ ድካምን የሚጠላ፣ አባቱን መምሰል የሚፈራ። እንግሊዝኛው ጥርት ያለ ነው። ጨዋታው በምሳሌያዊ አነጋገር የተሞላ ስለሆነ በተረትና ምሳሌ ያደገ አንባቢ ቶሎ ይገባበታል። የሚያስቸግረው ስሙ ነው። ብዙ ሰው አለ፣ ስሞቹም ለጆሮ እንግዳ ናቸው። ብዙ እትሞች መጨረሻቸው ላይ የኢግቦ (የታሪኩ ሰዎች ቋንቋ) ቃላት መፍቻ አላቸው፤ ከመጀመራችሁ በፊት መኖሩን እዩ። ታሪኩ መጀመሪያ ላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይላል፣ ቀስ ይላል። እስከ ሰባተኛው ምዕራፍ ታገሱ። እዚያ የሚሆነውን አልነግራችሁም።

አንድ ገጽ እንዴት ይነበባል

መጽሐፉ ልክ ቢሆንም አነባበቡ ካልተስተካከለ ይከብዳል። ዲክሽነሪ በየመስመሩ መክፈት በየሃምሳ ሜትሩ እንደሚቆም ታክሲ ነው። መድረሱን ትደርሳላችሁ፤ ግን ሁለተኛ አትሳፈሩበትም።

የ«አኒማል ፋርም»ን የመጀመሪያ አንቀጽ እንይ። ሚስተር ጆንስ የሚባለው የእርሻው ባለቤት ለሊቱ የዶሮ ቤቶቹን ቆልፏል። ግን በጣም ስለሰከረ «ፖፕሆልስ» የሚባሉትን መዝጋት ረስቷል። ግቢውን ሲያቋርጥ የፋኖሱ ብርሃን ወዲያና ወዲህ ይላል። አካሄዱን መጽሐፉ «ለርችድ» ይለዋል። ከዚያ ጓሮ በሩ ላይ ቦት ጫማውን አሽቀንጥሮ ያወልቃል። «ስከለሪ» ውስጥ ካለ በርሜል የመጨረሻ ቢራውን ይቀዳል። ሚስቱ እያንኮራፋች ወዳለችበት አልጋም ይሄዳል።

ሦስት የማይታወቁ ቃላት፣ ገና የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ። ብዙ ተማሪ እዚህ ስልኩን ያወጣል። አታውጡ። «ፖፕሆልስ» ምንድን ናቸው? ዶሮ ቤት ላይ ያሉ፣ ማታ የሚዘጉ ነገሮች። በቃ፣ ይበቃል። «ለርችድ»? ሰውየው ሰክሯል፣ ፋኖሱ ይወዛወዛል፤ እየተንገዳገደ ሄደ ማለት መሆን አለበት። «ስከለሪ»? ጓሮ በሩ አጠገብ ያለ፣ በርሜል የሚቀመጥበት የቤቱ ክፍል። ሦስቱንም አላወቃችሁም፤ የሆነውን ግን አንድም አላመለጣችሁም። ሰውየው ሰክሮ ተኛ። አሁን እንስሳቱ ሊሰበሰቡ ነው። ቀጥሉ።

ደንቡ እንዲህ ነው። የማታውቁት ቃል መጀመሪያ ሲመጣ ከሥሩ በእርሳስ ነጥብ አድርጋችሁ እለፉ። ሁለተኛ ሲመጣ ለመገመት ሞክሩ። ሦስተኛ ሲመጣ ዲክሽነሪ ክፈቱ፤ ሦስት ጊዜ ከመጣ ደራሲው ይፈልገዋል፣ እናንተም ትፈልጉታላችሁ። አንድ ልዩነት አለ። ቃሉን ሳታውቁ ማን ምን እንዳደረገ ከጠፋባችሁ፣ ሦስተኛውን አትጠብቁ፤ ወዲያው እዩት። መጽሐፉ የተዋስነው ከሆነ ደግሞ ነጥቡ ደብተር ላይ ይሁን።

ሌላው የሚጠፋብን «ሂ» (እሱ) የተባለው ማን እንደሆነ ነው። ሁለት ወንዶች ሲነጋገሩ ከአራተኛው መስመር በኋላ ማን እንደተናገረ ይምታታል። እንዲህ ሲሆን ወደ ላይ ተመልሳችሁ የመጨረሻውን ስም ፈልጉ፣ ከዚያ ንግግሩን አንዴ ለአንዱ አንዴ ለሌላው እያደረጋችሁ ውረዱ። እንዲያውም ድምፅ አውጥታችሁ በሁለት ድምፅ አንብቡት። ቤት ውስጥ ሰው ካለ ደግሞ ተከፋፈሉት።

ቀንና ሰዓት

በቀን 20 ደቂቃ። ከዚያ በላይ ካማራችሁ እሰየው፤ ግን ከ20 አትውረዱ። ሒሳቡን ላሳያችሁ። ሳይቸኩል የሚያነብ ተማሪ በደቂቃ 100 ቃል ያነባል እንበል። በ20 ደቂቃ 2,000 ቃል ነው። የሳንቲያጎ ታሪክ 27,000 ቃል ገደማ ነው፤ በሁለት ሳምንት ያልቃል። «አኒማል ፋርም» 30,000 ገደማ ነው፤ አሥራ አምስት ቀን። የአቼቤ 50,000 ገደማ፤ ሃያ አምስት ቀን። ሦስቱም ዋና ዋና መጻሕፍት በሁለት ወር አለቁ ማለት ነው። በቀን 20 ደቂቃ ብቻ።

ሰዓቱን ከሆነ ነገር ጋር እሰሩት። ከቁርስ በኋላ፣ ከመተኛት በፊት፣ ብቻ ሁልጊዜ የሚደረግ ነገር ይሁን። «ሲመቸኝ» የሚባል ሰዓት ክረምት ላይ አይመጣም። ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን። ስልክ ላይ ነው የማነበው ካላችሁ ደግሞ ዳታውን አጥፉት።

ከትምህርት ቤት የተሰጠ መጽሐፍ ካለ

አንዳንድ መምህራን መጽሐፍ መርጠን እንሰጣለን፣ ስትመለሱ ድርሰት ወይም ፈተና ይኖራል። ተማሪዎች ሁለት ነገር ያደርጋሉ። ወይ ትምህርት በተዘጋ ማግስት አንብበው እስኪመለሱ ይረሱታል፣ ወይ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት ይጠብቃሉ። የእኔ ምክር ይህ ነው። የዕረፍቱን የመጀመሪያ ሳምንታት በራሳችሁ ምርጫ በቀላል መጽሐፍ ሙቁ። ዓይናችሁ ከእንግሊዝኛ ጋር ሲላመድ የተሰጠውን ጀምሩ። ከመመለሳችሁ ሁለት ሳምንት በፊት እንዲያልቅ ምዕራፎቹን በቀናት አካፍሉ። የቀሩት ሁለት ሳምንታት ምልክት ላደረጋችሁባቸው ገጾች ናቸው።

ስታነቡ አንድ ደብተር ይኑራችሁ። የመጀመሪያው ገጽ የስም ገጽ ነው። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ስሙን፣ የማን ምን እንደሆነና መጀመሪያ የታየበትን ገጽ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ ሦስት መስመር በቂ ነው። አንደኛው፣ ምን ሆነ። ሁለተኛው፣ ማን ምን ፈለገ፣ ምን ከለከለው። ሦስተኛው፣ እኔ ምን አልኩ። ይህን ሦስተኛውን በሐቅ ጻፉት። «ይህ ሰው አናደደኝ» ጥሩ ነው። «ለምን እንዳላመለጠች አልገባኝም» በጣም ጥሩ ነው። ጥሩ ድርሰት የሚነሳው ከእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ነው። «መጽሐፉ በጣም አስተማሪ ነው» ከሚለው ግን ምንም አይነሳም።

የገጽ ቁጥር አትርሱ። ጳጉሜን ላይ «ያቺ ያለችው ነገር የት ነበር?» እያሉ ሁለት መቶ ገጽ ማገላበጥ ሕመም ነው።

የኢንተርኔት ማጠቃለያ አንብቦ፣ ወይም አንዱን የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ አስጽፎ መምጣት አለ። ይታወቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የምትፈልጉትን ነገር ያሳጣችኋል፤ እንግሊዝኛውን። ማጠቃለያ ታሪኩን ይነግራችኋል እንጂ ሠላሳ ሺህ ቃል አያስነብባችሁም። ምዕራፉን አንብባችሁ ግራ ሲገባችሁ ለማጣራት ብታዩት ግን አልቃወምም። ቅደም ተከተሉ ነው ዋናው። ፊልሙም እንዲሁ፤ ከመጽሐፉ በኋላ።

ቃላት

በቀን ሦስት ቃል። ከዚያ በላይ አትጻፉ። ሃያ ቃል የሚጽፍ ተማሪ በሦስተኛው ቀን ደብተሩን ይተዋል። ሦስቱን ስትመርጡ ደጋግመው የመጡትን ምረጡ፤ ነጥቦቻችሁ እዚህ ይጠቅማሉ። «ፖፕሆልስ» አይመረጥም። «ስኪፍ» እንኳ የሚጠቅመው ለዚያ መጽሐፍ ነው። በሌላ መጽሐፍ፣ በዜና፣ በፈተና ላይ ልታገኙት የምትችሉትን ውሰዱ።

ቃሉን ከነዓረፍተ ነገሩ ገልብጡ። ከጎኑ ፍቺውን፣ ከሥሩ ስለ ራሳችሁ ሕይወት የሠራችሁትን አንድ ዓረፍተ ነገር። በማግስቱ ፍቺውን በእጅ ሸፍናችሁ ጠይቁት። ከሳምንት በኋላ እንደገና። ሁለቱንም ጊዜ ካወቃችሁት ሰርዙትና ተሰናበቱት።

ጥንድ ሆነው የሚሄዱትንም እንደ አንድ ቃል ያዙ። «ጊቭ»ን ታውቃላችሁ፣ «አፕ»ንም ታውቃላችሁ፤ አንድ ላይ ሲመጡ ግን ሰውየው ተስፋ ቆርጧል። እንዲህ ዓይነቶቹ በጣት ቆጠራ ስለማይታዩ ብዙ አንባቢ ያሳስታሉ። የምታውቋቸው ትንንሽ ቃላት ተሰብስበው ዓረፍተ ነገሩ ትርጉም ካልሰጠ፣ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ይሁን።

በጆሮም

ድምፅ ከተገኘ፣ መጽሐፉን በዓይን እየተከተላችሁ አዳምጡ። አንባቢው ስለማይቆም እናንተም አትቆሙም፤ ቃል በቃል የመተርጎም ልማድ ቀስ በቀስ ይለቃል። አነጋገሩም ይስተካከላል፣ በተለይ አጻጻፋቸውና አነባበባቸው የማይገናኝ ቃላት። ከፈጠነባችሁ ፍጥነቱን ቀንሱት። መጽሐፉን ዘግቶ ማዳመጥ ለሁለተኛ ዙር ይሁን።

ለመተው ፈቃድ

ሠላሳ ገጽ አንብባችሁ «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ካልመጣባችሁ፣ በራሳችሁ የመረጣችሁት ከሆነ ተዉት። ሌላ ክፈቱ። አንድ መጽሐፍ ላይ ተጣብቆ ክረምቱን ሙሉ ምንም ካለማንበብ ይህ በስንት ጣዕሙ። የትምህርት ቤቱ ከሆነ ግን መተው የለም፤ በቀን የምታነቡትን ቀንሱና ከጓደኛ ጋር በየምዕራፉ ተደዋወሉ።

ወላጆች ይህን የምታነቡ ከሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ። «ጨረስክ? ስንት ገጽ ደረስሽ?» አትበሉ። «ያ ሽማግሌ ዓሣውን ያዘው?» በሉ። እንግሊዝኛ ባታውቁም ልጁ በአማርኛ ይነግራችኋል። ለመንገር ደግሞ ማንበብ አለበት።

አንዱ ሲያልቅ

ቀጣዩን ከዚያው ደራሲ ብትወስዱ ጥሩ ነው። አንድ ደራሲ የሚወዳቸው ቃላትና የዓረፍተ ነገር አሠራር አለው፤ ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ስትደርሱ ግማሹን ለምዳችሁታል። ከሳንቲያጎ በኋላ የሄሚንግዌይን አጫጭር ታሪኮች ሞክሩ። ከ«አኒማል ፋርም» በኋላ ግን ወደ ኦርዌል «1984» አትቸኩሉ፤ በ1949 የወጣ ነው፣ በጣም ይረዝማል፣ ይከብዳልም። ኦኮንኮን የወደዱ ተማሪዎች ደግሞ ዕድለኞች ናቸው። አቼቤ በ1960 «ኖ ሎንገር አት ኢዝ» የሚል መጽሐፍ አውጥቷል። ታሪኩ የኦኮንኮ የልጅ ልጅ የኦቢ ነው። ሲጀምር ኦቢ ፍርድ ቤት ቆሟል፤ እንዴት እዚያ እንደደረሰ ለማወቅ ወደ ኋላ ትመለሳላችሁ። ቋንቋው ከመጀመሪያው አይከብድም፣ መጽሐፉም ቀጭን ነው። የስም ገጻችሁ ላይ ኦኮንኮ ከነቤተሰቡ ስላለ ኦቢን ከዚያው ሥር ጨምሩትና ቀጥሉ።